የሦስት መቶ ሰማንያ ስድስቱ ሽመላዎች ነገር

ጥቅምት 9
ከረግረጉ ጣቢያ

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ደረጃውን ብቻህን ትወጣለህ ወይስ አሁንም ወንድሜ እየደገፈህ ነው? እውነቱን ጻፍልኝ፤ እሱ "ደህና ነው" ከማለት ሌላ አያውቅም።

ዕረፍትሽን ለምን ሰረዝሽ ብለህ በቁጣ ጽፈሃል። ቁጣህ ይገባኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ ሳልሰጥህ በመቅረቴም አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ። እዚህ ኔትወርክ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ቢኖርም አንተ ስልክ ላይ "ምን? ምን አልሽ?" ከማለት በቀር የምትሰማው ነገር የለም፤ ለእኛ ደብዳቤ ይሻለናል።

የቀረሁት ከዚህ ንቅንቅ ማለት ስለማልችል ነው። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በምዕራቡ ዳር ቀይ የተቀቡ ችካሎች ተተክለዋል። የእርሻ ድርጅቱ በዚያ በኩል ቦይ ቆፍሮ ውሃውን ሊያፈስስ፣ ረግረጉንም አድርቆ ሊያርሰው ነው። ሠላሳ ዓመት የሠራህበትን፣ እኔንም የሩቅ ማያ መነጽር አንገቴ ላይ አንጠልጥለህ ያሳደግክበትን ረግረግ ማለቴ ነው። አንገተ ነጭ ሽመላ ከዚህ ሸምበቆ ሌላ ጎጆ የሚሠራበት ቦታ እንደሌለው የጻፍከው አንተ ነህ።

ሕጉን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ቁጥሩ ከሁለት መቶ ሃምሳ በታች የሆነ ወፍ "ሊጠፋ የተቃረበ" ተብሎ ይመዘገባል፤ የተመዘገበ ወፍ የሚራባበት ውሃ ደግሞ አይነካም። የድርጅቱ ጠበቃ ታዲያ ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? እኛን። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አባትና ልጅ ቆጥረን የፈረምንበትን ሰነድ። ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ሽመላ። "የራሳችሁ ባለሙያዎች ናቸው ያሉት፣ እኛ ምን አደረግን?" አለኝ ፈገግ ብሎ።

ጥር 14 ጉዳዩን የሚወስነው ኮሚቴ ሁለቱንም ወገን ይሰማል። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ "ብዙ አትጨቃጨቂ፣ ከላይ ያለቀ ጉዳይ ነው" ብሎኛል። እኔ ደግሞ እምቢ ብያለሁ። ችካላቸውን ይትከሉ፤ ቦዩን ግን እኔ ቆሜ አይቆፍሩትም።

ሌላም የምነግርህ ነገር አለ። አሁን አልጽፈውም፣ መጀመሪያ እርግጠኛ ልሁን።

ልጅህ


ጥቅምት 20
ከከተማ

ቆቄ፣

ጉልበቴን ጠይቀሻል። ጉልበቴ አለ፣ ደረጃውም አለ፤ አልተስማሙም እንጂ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ልጅ የወለድኩት እኔው ነኝ፣ ማንን እወቅሳለሁ። መስኮቴ ወደ አውቶቡስ ጋራዡ ነው የሚያየው። ከጋራዡ በላይ ባለው ሽቦ ላይ ጠዋት ጠዋት ርግቦች ይሰፍራሉ። ወንድምሽ "አባቴ አርጅቶ ርግብ ይቆጥራል" እያለ ለጎረቤት ያወራል። ሃያ ሦስት ናቸው። የላክሽልኝን የጉልበት ቅባት ሚስቱ ለወገቧ እየተቀባችው ነው፤ እንዳላየሁ ሆኛለሁ።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ያ ጠበቃ ማን ነው የገዛ ቁጥሬን በእኔው ላይ የሚያነሳው? ያ ቁጥር እኮ ነው ጣቢያውን ያሠራው። ያኔ የዚያን ያህል ወፍ አለ ባንል ኖሮ ዛሬ አንቺ የምታድሪበት ቤት፣ ጀልባው፣ የዘበኛው ደመወዝ፣ አንዱም አይኖርም ነበር። ልጆች በትምህርት ቤት መጽሐፋቸው ይማሩታል። የወንድምሽ ልጅ አምና ለፈተና ሸምድዳዋለች፤ "አያቴ ነው የቆጠረው" ብትል አስተማሪዋ አላመናትም።

ስለዚህ ቁጥሩን አትንኪው። ቀንሰዋል በያቸው። አሥራ አንድ ዓመት ቀላል ጊዜ አይደለም፤ እንኳን ወፍ ሰውም ይቀንሳል። እኔ ሳልቀንስ ቀርቼ ነው?

"አሁን አልጽፈውም" ያልሽውን ነገር ደግሞ ጻፊው። አንቺ ነገር ስትደብቂ ፊደልሽ ይጠብባል፣ ከትንሽነትሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ታመሽ ከሆነ ንገሪኝ። ሰው አግኝተሽም ከሆነ ንገሪኝ፣ በዚህ ዕድሜሽ አልቆጣም።

አባትሽ


ኅዳር 2
ከረግረጉ ጣቢያ

አባዬ፣

አልታመምኩም። ሰውም አላገኘሁም። እዚህ ያለው ወንድ ዘበኛውና ጀልባ ቀዛፊው ነው፤ ዘበኛው ባለትዳር ነው፣ ቀዛፊው ደግሞ አንተን በአራት ዓመት ይበልጥሃል።

"ቀንሰዋል በያቸው" ብለሃል። ሞክሬዋለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የምቆጥረው ምሥራቁን ዳር ብቻ እንደሆነ ጠበቃው ያውቃል። ያኔ በምሥራቅ 201 አገኘን፣ ዘንድሮ እዚያው 164 አገኘሁ። ምዕራቡን የቆጠረው ሰው ስለሌለ ያኔ ያገኘነውን 185 ወስዶ ይደምርበታል፣ 349 ይለኛል። ብሎኛልም። አዲስ ቆጠራ ይታዘዝልኝ ስል የኮሚቴው ጸሐፊ "የፊተኛውን የቆጠሩት ሰዎች ራሳቸው ስህተት ነው ካላሉ በቀር አይታዘዝም" አለችኝ።

አሁን የደበቅኩህን ልንገርህ። ቁጭ በል።

ካቻምና ለአሥራ አራት ጫጩቶች እግራቸው ላይ ባለቀለም ቀለበት ማሰሬን ጽፌልህ ነበር። ችካሎቹ የተተከሉ ሰሞን፣ አመሻሽ ላይ የምሥራቁን ቆጠራ ጨርሼ፣ በነጋታው ችካሎቹን በጠዋት ለማየት ምዕራቡ ዳር ሄጄ አደርኩ። ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች። ጎህ ሲቀድ ቴሌስኮፑን ብተክል አንዲት ሽመላ ፊት ለፊቴ ቆማለች፤ በግራ እግሯ ላይ ቀይና ቢጫ ቀለበት። ያችኑ ሽመላ ማታ በምሥራቅ መዝግቤያታለሁ። ቀለበቱን ያሰርኩላት በገዛ እጄ ነው። ዙሪያዋን አየሁ። ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ ማታ ምሥራቅ፣ ጠዋት ምዕራብ። በጥቅምት ጨረቃ ደገምኩት፣ ያው ነው። ጨረቃ ስትሞላ በብርሃኗ ተነሥተው ከአንዱ ማደሪያ ወደ ሌላው ይሻገራሉ።

አባዬ፣ ያኔ የነበረን ቴሌስኮፕ አንድ ብቻ ነው። አመሻሽ ላይ ምሥራቁን ቆጠርን፣ ቴሌስኮፑን መኪና ላይ ጭነን ረግረጉን ዞርን፣ ጠዋት ምዕራቡን ቆጠርን። ብርሃን ይኖረናል ብለን ደግሞ ሙሉ ጨረቃ የሆነችበትን ቀን መረጥን፤ በብልሃታችንም ኮራን። ያንኑ ወፍ ሁለት ጊዜ ነው የቆጠርነው። ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ሽመላ ኖሮ አያውቅም። ግማሹ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ጥር 14 ኮሚቴው ፊት ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ። ፈቃድ እየጠየቅኩህ አይደለም፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው። ሰነዱ ላይ ያለው ፊርማ የሁለታችን ስለሆነ ሁለታችን ብንናገረው ደስ ይለኛል። ካልሆነም ብቻዬን እናገረዋለሁ።

ልጅህ


ኅዳር 11
ከከተማ

ሰላምታ የለኝም።

ደብዳቤሽን ወንድምሽ አጠገቤ ተቀምጦ ነው ያነበብኩት። ፊቴ ሲለዋወጥ አይቶ ውሃ አመጣልኝ። አልጠጣሁትም።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰማሽም? እኔ ያወረስኳችሁ ቤት የለም፣ መሬት የለም። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "ሽመላዎቹን የቆጠሩት እርስዎ አይደሉም?" ይለኛል፤ ያለኝ ይኸው ነው። አንቺ በአሥራ አራት ቀለበት በቁሜ ልትቀብሪኝ ተነሣሽ።

እኔስ ልቅር፣ ስለ ወፎቹ አስቢ። ዛሬ "ያኔ ተሳስቼ ነበር" ካልሽ፣ ነገ "ዘንድሮም ተሳስተሻል" ሲሉሽ ምን ትመልሻለሽ? የቆጠርሽው ሁሉ ገደል ይገባል፤ ጎጆው፣ እንቁላሉ፣ ጫጩቱ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው። ያ ጠበቃ ቀኑን ሙሉ ሲስቅብሽ ይውላል።

ቀለበቶችሽን ጨምሪ፣ ሁለት ዓመት ጠብቂ፣ ከዚያ እናወራለን። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። እኔ መክሬያለሁ።

አባትሽ


ኅዳር 28
ከረግረጉ ጣቢያ

አባዬ፣

አንተ ሰላምታ የለኝም ብትልም እኔ አለኝ። እንደምን ከረምክ? ከዚያ በኋላ የላክሃትን ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤም አግኝቻታለሁ። "ማን እየገፋፋሽ ነው?" ብለሃል። ማንም። እንዲያውም የሚጎትተኝ ነው የበዛው።

ባለፈው ማክሰኞ ኃላፊው ዋናው መሥሪያ ቤት ጠራኝ። ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ፤ ነገር እንዳለ የገባኝ ያኔ ነው። "እዚህ የክፍል ኃላፊነት ቦታ ተከፍቷል፣ ከአባትሽም ጋር ትቀራረቢያለሽ፣ ብቻ ከጥር በፊት መጀመር አለብሽ" አለኝ። ከጥር 14 በኋላ ብጀምርስ አልኩት። የሹመቱን ወረቀት አጣጠፈው። በማግሥቱ የጣቢያው መኪና "ለጥገና" ተወሰደ፣ ሁለቱ ሴት ረዳቶቼም "ለሥልጠና" ተጠሩ። አሁን ያለነው እኔ፣ ዘበኛው፣ ቀዛፊውና የምታንጠባጥብ ጀልባ ነን። ምዕራቡን ዳር በእግሬ ነው የምሄደው። አራት ሰዓት ይፈጃል፣ ቦት ጫማዬም ውሃ ያስገባል። ያስገባ። እሄዳለሁ።

"ዘንድሮም ተሳስተሻል ቢሉሽ" ላልከኝ፣ ይበሉኝ። መጥተው ይቁጠሩ፣ የምፈልገውም እሱኑ ነው። "ሁለት ዓመት ጠብቂ" ላልከኝ ደግሞ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ እዚህ የሚታረስ መሬት እንጂ የሚቆጠር ወፍ አይኖርም። ይህን አንተ ሳታውቀው ቀርተህ አይደለም።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ትናንት ከቀዛፊው ጋር የጀልባዋን ቀዳዳ ስንደፍን ስለ ቀለበቶቹ ነገርኩት። ሳቀ። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። "ይኸን እኮ ለአባትሽ ያኔውኑ ነግሬዋለሁ" አለኝ። "ጌታዬ፣ እነዚህ የማታዎቹ ናቸው፣ በጨረቃ ይሻገራሉ አልኩት። አንተ መቅዘፊያህን ያዝ አለኝ።"

እውነት ነው? ሌላውን ሁሉ ተወውና ይህን ብቻ መልስልኝ።

ልጅህ


ታኅሣሥ 15
ከከተማ

ቆቄ፣

ይኸን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። የወንድምሽ ሚስት የቆሻሻ ቅርጫቱን ስታወጣ ወረቀቱን አይታ "ለማን ነው ይኸ ሁሉ የፍቅር ደብዳቤ?" አለችኝ።

እውነት ነው።

ያን ጠዋት ምዕራቡ ዳር አንቺ ቴሌስኮፑን እየፈታታሽ ነበር። እሱ ጀልባውን አስሮ መጣና ነገረኝ፤ ቃሉ ሳይቀር እንዳልሽው ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ወፍ ሊያስተምረኝ ብዬ ተቆጣሁ። መንገዱን ሙሉ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። አንቺ እየነዳሽ ቁጥሩን ጮክ ብለሽ ደመርሽው። "ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት" ብለሽ መሪውን በእጅሽ መታሽው። እናትሽ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም ነበር። ዝም አልኩ።

በሚቀጥለው ዓመት አጣራዋለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ጣቢያው ተፈቀደ፣ ሰው ሁሉ ጨበጠኝ፣ መጽሐፍ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ፈራሁ። አዎ፣ እኔ አባትሽ ፈራሁ። "የምዕራቡ መንገድ ጭቃ ነው፣ ምሥራቁ ይበቃል" እያልኩ ጡረታ እስክወጣ ወደዚያ እንዳትሄጂ ያደረግኩሽ እኔ ነኝ፤ አንቺም ለምደሽው ቀረሽ። መንገዱ ምንም አልነበረበትም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ሥሩ ይኸው ነው። አፍሬያለሁ። ለቀዛፊውም የተጻፈ አንድ ገጽ አብሬ ልኬያለሁ። አንብቢለት፣ ግን ቃል እንዳትቀንሺ።

ሰሞኑን በላክሽው ካርድ ላይ "ለስብሰባው ትመጣለህ?" ብለሻል። አልመጣም። የዘጠኝ ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ ይህ ጉልበት አይችለውም። ስለ ቀረው አትጠይቂኝ፣ የማደርገውን አውቃለሁ።

አባትሽ


ጥር 16
ከረግረጉ ጣቢያ

አባዬ፣

አናደድከኝ። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ይህን ሳልጽፍ ሌላውን መጻፍ ስለማልችል ነው ሰላምታውን ያስቀረሁብህ።

አዳራሹ የድሮ ስፖርት ቤት ነው። ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር ሰባት ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። ጠበቃው በግራ፣ እኔ በቀኝ። ኃላፊያችን ከጠበቃው ኋላ ያለውን ወንበር መረጠ፤ ቢያንስ የማን ወገን እንደሆነ ታወቀ። ወረቀቴን ይዤ ልነሣ ስል ሰብሳቢዋ "ጡረታ ከወጡት ባለሙያ የደረሰን ደብዳቤ አለ" ብላ አነበበችው።

ቆጠራውን ብቻህን እንደሠራህ። እኔ ያኔ ተማሪ እንደነበርኩና ሳላነብ እንደፈረምኩ። የደመርከው አንተ እንደሆንክ። ተነግሮህ እንደደበቅክ። "ልጄን አትጠይቋት" ብለህ ጨርሰሃል።

ጠበቃው እንኳ ብዕሩን አስቀመጠ። አፌን ብይዝ ንጹሕ ሆኜ መውጣቴ ነበር፤ አንተን ረግጬ።

ተነሥቼ "ደብዳቤው ትክክል አይደለም" አልኩ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ "የቱ ነው ትክክል ያልሆነው?" አለች። "ስለ ወፎቹ የተጻፈው ልክ ነው። ስለ እኔ የተጻፈው ውሸት ነው። ተማሪ አልነበርኩም፣ ከተቀጠርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ምዕራቡን በዓይኔ ቆጥሬያለሁ። የደመርኩትም እኔ ነኝ። ስህተቱ የሁለታችን ነው፣ ግማሼን ለማንም አልሰጥም።" ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

ጠበቃው ተነሥቶ "እንግዲህ የዋሻችሁት ያኔ ነው ወይስ አሁን?" አለ። "ያኔ ተሳሳትን፣ አሁን እያረምን ነው። እርስዎ ተሳስተው አያውቁም?" አልኩት። "እዚህ የምጠይቀው እኔ ነኝ" አለኝ። "እዚያ የምቆጥረው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ከተጠራጠሩ ነገ ቦት ጫማ ይዘው ይምጡ" አልኩት።

ቀዛፊው ኮት ተውሶ መጥቶ ነበር፣ እጅጌው ጣቱ ድረስ ይደርሳል። ሰብሳቢዋ "ወፎቹ በጨረቃ ይሻገራሉ?" ብላ ጠየቀችው። "ይሻገራሉ።" "በምን አወቁ?" "በላዬ ነዋ የሚያልፉት። ልብሴን አጥቤ አልጨርስም።" እዚህ ላይ ሰባቱም ሳቁ፣ ጸሐፊዋም ጻፈችው።

የእኛን ቆጠራ ሰርዘውታል። በየካቲት ሁለቱም ዳር፣ በአንድ ሰዓት፣ የድርጅቱ ሰው ባለበት ይቆጠራል። እስከዚያ መቆፈሪያ አይገባም። ከመማሪያ መጽሐፉም ቁጥሩ ይወጣል ተብሏል። ለወንድሜ ልጅ አዝኛለሁ፣ በከንቱ ሸመደደች።

ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርግ። ስለ እኔ ተብሎ የሚዋሽ ውሸት አልፈልግም። እወድሃለሁ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ልጅህ


ጥር 25
ከከተማ

ቆቄ፣

"ማን አጻፈው?" ብለሽ ወንድምሽን ጠይቀሻል አሉ። ማንም አላጻፈኝም። እሱማ ፖስታውን ሲያደርስ የጡረታ ጉዳይ መስሎት ነበር።

አልጸጸትም። አባት ነኝ። ልጅ ወልደሽ፣ አሳድገሽ፣ ሰባት ሰው ፊት ሲያቆሙብሽ ያኔ ትጠይቂኛለሽ። ግን ልንገርሽ። ወንድምሽ ደብዳቤሽን ሲያነብልኝ "ግማሼን ለማንም አልሰጥም" የሚለው ጋ ሲደርስ ድገመው አልኩት። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ከዚያ በኋላ ሻይ አፍልቶ መጣና ሁለታችንም ጠጣን።

አሁን ወደ ሥራ። ጨረቃ በሌለችበት ሰሞን ቁጠሩ። ሰዓታችሁን ከመለያየታችሁ በፊት አንድ አድርጉ፤ በአሥራ አንድ ተኩል ጀምራችሁ በአሥራ ሁለት ተኩል አቁሙ፣ ከዚያ ወዲያ አንድም ወፍ አትጨምሩ። የድርጅቱን ሰው ምዕራቡ ዳር አቁሚውና ቴሌስኮፑን ራሱ ይያዝ። ሰው በገዛ ዓይኑ ያየውን መካድ ይከብደዋል። ቀዛፊው መካከሉ ላይ ይሁን፣ ከዳር ወደ ዳር ለሚበር ለእያንዳንዱ አንድ ጠጠር ጀልባው ውስጥ ይጣል። እሱ የጣለውን ጠጠር ደግሞ ማንም እንዳይከራከረው።

ደብዳቤዬን ስታነቢለት "ታዲያ አሁን መቅዘፊያዬን ልልቀቅ?" አለ ብለሽ በካርድ ጽፈሻል። ፌዙ ይገባኛል። እንዲሁ በይው።

አባትሽ


የካቲት 18
ከረግረጉ ጣቢያ

አባዬ፣

በወንድሜ ስልክ ያስላክሃት አንዲት ቃል አራት ቀን የት እንደቆየች አላውቅም፣ ዛሬ ደረሰችኝ። "ስንት?"

መቶ ስድሳ አንድ።

ምሥራቅ 148፣ ምዕራብ 13፣ ጠጠር የለም። ሦስት ቀን ደጋገምነው፤ 161፣ 159፣ 161። ድርጅቱ የላከው ሰው ፂሙ የሸበተ መሐንዲስ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቴሌስኮፑን ገልብጦ ነበር ያየበት። በሦስተኛው ቀን "ያቺኛዋ እኮ ታነክሳለች፣ ምን ሆና ነው?" ይለኝ ጀመር። ሲፈርም አላመነታም። ኮሚቴው ትናንት ወፉን መዘገበው፣ ቦዩም ቀረ። ችካሎቹን የተከሉት ሠራተኞች ራሳቸው እየነቀሉ መኪና ላይ ሲጭኑ ቆሜ አየሁ። ኃላፊው ደውሎ ያ የተከፈተ ቦታ እንደተያዘ ነገረኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። መኪናችንም "ተጠግኖ" ተመልሷል።

እንኳን ደስ ያለሽ ያላለኝ ሰው የለም፣ ከቀዛፊው በቀር። እሱ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አባዬ፣ ያሸነፍነው ስላነሱ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እውነተኛው ቁጥር 201 ነበር። ከዚያ ወዲህ አርባዎቹ አልቀዋል። ምሥራቁ ሲቀንስ እያየሁ "ወደ ምዕራብ ሄደው ይሆናል" እያልኩ በየዓመቱ በገዛ እጄ ጽፌያለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ወደ ምዕራብ ሄዶ የቀረ አልነበረም። በሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ደግሞ ሐዘን ብቻ እንዳይመስልህ፣ ንዴትም አለበት።

አልተውኩትም። ይህን 161 ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት አደርገዋለሁ፤ እኔ ባልደርስበት ከእኔ በኋላ የሚመጣው ይደርስበታል። ያን ቀን ጠበቃው ይምጣና "በዝተዋል" ይበለኝ። እጁን ይዤ አስቆጥረዋለሁ።

አዲሱን ሰነድ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። የፊተኛውን የፈረምነው እኛ ስለሆንን ይኸኛውም የሁለታችንን ፊርማ ይፈልጋል። የአንተ ቦታ ከእኔ በታች ነው። አልፈርምም ብትል እኔም እምቢ ለማለት አላንስም፤ ማን እንዳስተማረኝ ታውቃለህ።

ልጅህ


የካቲት 27
ከከተማ

ቆቄ፣

ፈርሜያለሁ። ወንድምሽ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ "እዚህ፣ ከስሟ በታች ነው አባዬ" ሲለኝ "ማንበብ እችላለሁ" አልኩት። ነገ ጠዋት ፖስታ ቤት ያደርሰዋል።

አርባዎቹን ካነበብኩ ወዲህ ምግብ አልገባ ብሎኛል። "በገዛ እጄ ጽፌያለሁ" ብለሻል፤ እጁ ያንቺ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው ያለው አፍ ግን የእኔ ነው። ስለዚህ ከሰነዱ ጀርባ አራት መስመር ጨምሬበታለሁ። ቆጠራው ስህተት እንደሆነ በዚያው ቀን በጀልባ ቀዛፊው እንደተነገረኝ፣ ዝም እንዳልኩ፣ በዝምታዬ ዘመን አርባ ሽመላዎች ማንም ሳያያቸው እንዳለቁ ጽፌያለሁ። ቀኑንና ሙሉ ስሜን አድርጌበታለሁ። ይኸኛው ላይ አንድም ውሸት የለበትም፣ አንቺን የሚመለከት አንድም ቃል የለበትም።

የመዝገብ ቤት ሰዎች በሰነድ ጀርባ አይጻፍም ይሉሻል። እምቢ በያቸው። አንቺም አዝነሽልኝ በንጹሕ ወረቀት ልገልብጠው እንዳትይ። የአንቺን ግማሽ ለማንም አልሰጥም ብለሻል፤ ይኸ የእኔ ነው፣ እኔም አልሰጥም። አባትሽ ሆኜ ሳይሆን ሁለተኛው ፈራሚ ሆኜ ነው የምነግርሽ፦ አትሰርዢው።

አባትሽ